የቤት ቀለም ምርጫና የኋላ ታሪኩ

አዲስ ቤት ሠርቶ ወይም የጋራ መኖሪያ ቤት ደርሶት የሚገባ ሰው ከሚያስጨንቁት ነገሮች አንዱ ግድግዳውን ምን ዓይነት ቀለም ላስቀባው የሚለው ሐሳብ ነው። ወደ መደብር ይሄዳል፤ ሻጩም የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህሉ ቀለሞች በተርታ የታተሙበትን ካርድ ያወጣለታል፤ እርሱም ከነዚያ ውስጥ ዓይኑ የወደደውን አንዱን ይመርጣል። ቀቢው ሥራውን በፈጸመ ጊዜ ግን ባለቤቱ በክፍሉ መካከል ቆሞ «እኔ የመረጥሁት ይህን አልነበረም» ይላል። ሻጩን ይጠረጥራል፤ ቀቢውንም ይወቅሳል። ዳሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሻጩም አላታለለ፥ ቀቢውም አላበላሸ። የዚህን ምክንያት አንድ ፈረንሳዊ ሊቅ መርምሮ ከደረሰበት ሁለት መቶ ዓመት ሊሆነው ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን አስቀድመን እንገልጻለን።

በፓሪስ ከተማ ጎብለን የሚባል የመንግሥት ፋብሪካ አለ። ይህ ፋብሪካ ለነገሥታት አዳራሽ የሚሆኑ፥ ሥዕል በክር የተሠራባቸው ታላላቅ የግድግዳ መጋረጃዎችን ሲያዘጋጅ የኖረ ነው። በ1824 ዓ.ም. ሚሼል ኤዠን ሸቭረል የተባለው የኬሚስትሪ ሊቅ የማቅለሚያው ክፍል ኃላፊ ሆኖ ተሾመ። ሸቭረል ስለ ስብና ስለ ሳሙና ባደረገው ምርምር አስቀድሞ ስሙ የታወቀ ሰው ነበር። እንደ ማንኛውም አዲስ ሹም ግን ወንበሩ ላይ ገና ሳይደላደል አቤቱታ ጠበቀው። የአቤቱታውም ቃል፥ በጎብለን የሚነከረው ጥቁር ሱፍ ጥቁረቱ የደከመ ነው፤ በተለይም በሰማያዊና በወይን ጠጅ ልብስ ላይ የጥላውን ቦታ ለመሥራት ሲገባ የዛገ ይመስላል፤ የሚል ነበር።

ሌላ ሹም ቢሆን ነካሪዎቹን ጠርቶ ይቆጣ ነበር። ሸቭረል ግን ከሌሎች ፋብሪካዎች የታወቀውን ጥቁር ሱፍ አስመጥቶ ከጎብለኑ ጋር ጎን ለጎን አነጻጸረ። የጎብለኑ ጥቁር ከማንም አላነሰም። እንግዲህ ጥፋቱ የሱፉ ካልሆነ የማን ነው? ሊቁ ብዙ ከመረመረ በኋላ ጥፋቱ የጎረቤቱ መሆኑን አገኘ። ዓይናችን አንድን ቀለም ሲያይ የዚያን ቀለም ተቃራኒ በአጠገቡ ባለው ነገር ላይ ይጨምርበታል። የሰማያዊ ተቃራኒ ብርቱካንማ ነው፤ ስለዚህ ጥቁሩ ከሰማያዊ አጠገብ ሲቀመጥ ትንሽ ብርቱካንማ ጥላ አርፎበት የዛገ ይመስላል። የቀይ ተቃራኒ አረንጓዴ በመሆኑ አመድማ ነገር ከቀይ አጠገብ ሲሆን ወደ አረንጓዴ ያዘነብላል። አንባቢ ሆይ፥ ይህን በቤትህ ለመፈተን ብትወድ ከአንድ አመድማ ወረቀት ሁለት ቁራጭ ቈርጠህ አንዱን በቀይ፥ ሌላውን በአረንጓዴ ጨርቅ ላይ አኑር፤ ሁለቱ ከአንድ ወረቀት የተቈረጡ መሆናቸውን ዓይንህ ለማመን ይቸገራል። የጥለት ቀለም የሚያማርጥ ሸማኔ ሁሉ ይህን በእጁ ያውቀዋል፤ ሸቭረል ያደረገው በሕግ መልክ መጻፍ ነው።

ከ700 ገጽ በላይ የሆነው መጽሐፉ በ1839 ዓ.ም. ታተመ። ሊቁ የተናገረው ስለ መጋረጃ ብቻ አልነበረም። ስለ አትክልት ቦታ፥ ስለ ወታደር ልብስ፥ ስለ ቴያትር ቤት መቀመጫ፥ ይልቁንም ስለ መኖሪያ ክፍል ግድግዳ በሰፊው ጽፏል። ጥቁረት ያለው የግድግዳ ቀለም ብርሃንን ስለሚውጥ አይመከርም፤ ቀይና ወይን ጠጅም የሰውን የፊት መልክ ያበላሻሉ፤ ብርቱካንማ ዓይንን ያደክማል፤ ፈዘዝ ያለ ብጫ፥ ፈዘዝ ያለ አረንጓዴና ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ ግን ለክፍል የተስማሙ ናቸው ይላል። ማሆጋኒ በሚባለው ቀላ ያለ እንጨት የተሠራውን ወንበር በደማቅ ቀይ ጨርቅ የሚያለብሱትንም ነቅፎአል። ሰው ለማሆጋኒ ብዙ ገንዘብ የሚከፍለው ስለ ቅላቱ ሲሆን፥ ቀዩ ጨርቅ ያንን ቅላት አጥፍቶ ተራ እንጨት ያስመስለዋልና። እኛም ብዙ ጊዜ ቀለም የምንመርጠው ሶፋውን፥ መጋረጃውንና ምንጣፉን ረስተን ነው። ነጭ ወረቀት ላይ የታተመው ያ ትንሽ ቀለም ጎረቤቱ ነጭ ብቻ ነው፤ ቤት ሲገባ ግን ጎረቤቱ ይበዛል።

የቀለሙ ወዝም ከጎረቤቱ ያላነሰ ነገር ነው። በዚያ ዘመን የቤት ቀለም የሚበጠበጠው በተልባ ዘይት ነበር። የተልባ ዘይት እንደ ውሃ ተኖ የሚደርቅ አይደለም፤ ከአየር ኦክስጅን እየሳበ ይጠጥራል፤ ሲጠጥርም ያብለጨልጫል። ቀቢዎች ማብለጭለጩን ለመግደል ሲፈልጉ በመጨረሻው ቅብ ላይ ዘይቱን ቀንሰው ከጥድ ዛፍ ሙጫ የሚገኘውን ተርፔንቲን ያበዙ ነበር፤ ተርፔንቲኑ ተኖ ሲሄድ ዘይት ያነሰው ቀለም ደብዛዛ ሆኖ ይቀራል። የዛሬው ቀለም በሌላ ነገር ቢሠራም ምሥጢሩ ያው ነው፤ አጣባቂው ሲበዛ ወዝ ይኖረዋል፥ የቀለሙ ዱቄት ሲበዛ ወዙ ይጠፋል። ወዝ ያለው ቀለም እድፉ በቀላሉ ስለሚታጠብ ለበር፥ ለመስኮትና ለማድ ቤት ይመረጣል፤ ነገር ግን የልስኑን ጉድለት ሁሉ ያጋልጣል። ወዝ የሌለው ጉድለትን ይሸፍናል፤ ነገር ግን የሕፃን እጅ ያረፈበት ቦታ ይታወቃል። አንድ ዓይነት ቀለም በሁለት ዓይነት ወዝ ቢቀባ ባለ ወዙ ጠቆር፥ ደብዛዛው ነጣ ብሎ ይታያል። በሩንና ግድግዳውን አንድ ለማስመሰል ከአንድ ቍጥር አስመርጦ ሁለት ቀለም የሆነበት ሰው ምክንያቱ ይኸው ነው።

እስከዚህ ድረስ የተናገርነው ስለ ውበት ነው። ሸቭረል ያመሰገናቸው እነዚያ ፈዘዝ ያሉ ቀለሞች ግን በዘይት ቀለም የሚገኙት በብዙ ነጭ ላይ ትንሽ ብጫ ወይም ትንሽ ሰማያዊ ጣል በማድረግ ነበር፤ ነጩም ከእርሳስ የሚሠራ ነበር። እርሳስ ስንል ጥይት የሚሠራበትን ከባድ ብረት ማለታችን ነው፤ የምንጽፍበት እርሳስ ስሙን ይዞ ቀረ እንጂ እርሳስ የለበትም። ለቀለም የሚሆነውን ነጭ ለመሥራት የእርሳስ ቅጥል ኮምጣጤ ባለበት ማሰሮ ውስጥ ተንጠልጥሎ በፈረስ ፋንድያ ክምር ውስጥ ለብዙ ሳምንታት ይቀበራል፤ ሲወጣ ነጭ ዱቄት ለብሶ ይገኛል። ይህ ዱቄት ከተልባ ዘይት ጋር በደንብ ይዋሐዳል፤ ከሥሩ ያለውን ሁሉ ይሸፍናል፤ ዝናብና ፀሐይም ይችላል። ብቻ መርዝ ነው።

የሸቭረል መጽሐፍ በወጣበት በዚያው በ1839 ዓ.ም.፥ በዚያችው በፓሪስ፥ ታንከረል ደ ፕላንሽ የተባለ ሐኪም ስለ እርሳስ በሽታ ሌላ መጽሐፍ አሳተመ። ይህ ሐኪም ሻሪቴ በሚባለው ሆስፒታል ውስጥ 1 ሺህ 200 ያህል በሽተኞችን መርምሮ የሆድ ቍርጠቱን፥ የእጅ አንጓ ሽባነቱን፥ አእምሮ እስከ ማሳት የሚደርሰውን ሕመም አንድ በአንድ ጻፈ። ነጩን እርሳስ በፋብሪካ የሚሠሩትና የቤት ቀቢዎች ከተጎጂዎቹ መካከል ብዙዎቹ ነበሩ። አንዱ መጽሐፍ ክፍልህን በምን አስውበህ ትኖራለህ ሲል፥ ሌላው ያንን ውበት የቀባልህ ሰው በየትኛው አልጋ ላይ ተኝቷል ይላል። ሁለቱን መጻሕፍት አንድ ሰው ገዝቶ ጎን ለጎን አንብቧቸው እንደ ሆነ ለማወቅ እንዴት ደስ ባለን ነበር።

ቢያንስ አንድ ሰው ነገሩን በተግባር አገናኝቶታል። ኤድም ዣን ለክሌር የጫማ ሰፊ ልጅ ሲሆን፥ ከገጠር ወደ ፓሪስ መጥቶ ቀለም ቀቢነት ተምሮ ታላቅ የቅብ ሥራ ተቋራጭ ለመሆን የበቃ ሰው ነው። ሠራተኞቹ በእርሳስ ሲታመሙ ስላየ በ1840ዎቹ ዓመታት ነጩን ከዚንክ አሠርቶ በእርሳስ ፈንታ መቀባት ጀመረ። ከዚህም በላይ ከትርፉ ለሠራተኞቹ ማካፈል በመጀመሩ በኢኮኖሚ ታሪክ ውስጥ ስሙ ይጠራል። የዚንኩ ነጭ ግን እንደ እርሳሱ አጥብቆ አይሸፍንም፤ ቀቢው አንድ ቅብ መጨመር ነበረበት፤ ስለዚህ የአውሮፓ ተቋራጮች አብዛኞቹ ከዚያ በኋላ ስድሳና ሰባ ዓመት ያህል በእርሳሳቸው ጸኑ።

አረንጓዴው ደግሞ ሌላ መዘዝ ነበረው። ጀርመናዊው ገጣሚ ጐተ በ1810 ዓ.ም. ባሳተመው የቀለም መጽሐፉ ዓይን በአረንጓዴ ላይ ያርፋል፤ ሰው ዘወትር ለሚቀመጥበት ክፍልም አብዛኛውን ጊዜ አረንጓዴ ይመረጣል ብሎ ነበር። በቫይማር ያለው የጽሕፈት ክፍሉም አረንጓዴ ነው። በዚያ ዘመን እጅግ የተወደደው አረንጓዴ ግን የስዊድኑ ኬሚስት ሼለ በ1775 ዓ.ም. ከመዳብና ከአርሴኒክ የሠራው፥ ኋላም ከእርሱ የተሻሻለው ዓይነት ነበር። ይህ ቀለም በ19ኛው መቶ ዓመት በእንግሊዝ አገር በግድግዳ ወረቀት ላይ ታትሞ በብዙ ሺህ ቤት ተለጠፈ፤ ዱቄቱም እየረገፈ ወደ አየር ይገባ ነበር። ሐኪሞች ሲጮኹ፥ በወረቀት ንድፉ እስከ ዛሬ የሚደነቀው ዊልያም ሞሪስ ነገሩን አላመነም፤ ቤተሰቡ አርሴኒክ ከሚያወጣ የማዕድን ኩባንያ ሀብት ያገኘ፥ ራሱም የዚያ ኩባንያ ዲሬክተር የነበረ መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል።

በቤት ውስጥ የሚኖረው ሰው፥ ይልቁንም ሕፃኑ፥ በግድግዳ ቀለም የሚታመም መሆኑ በግልጥ የታወቀው ከአውሮፓ ውጭ ነው። በአውስትራሊያ፥ በብሪዝበን ከተማ፥ ሎክሃርት ጊብሰን የተባለ የዓይን ሐኪም ዓይናቸው የደከመና እጅ እግራቸው የሰነፈ ብዙ ልጆች ይመጡለት ነበር። በ1904 ዓ.ም. ምክንያቱ የእርሳስ ቀለም የተቀባው የበረንዳ እንጨትና የክፍል ግድግዳ ነው ሲል ጻፈ። ፀሐዩ ቀለሙን አድርቆ ዱቄት ያደርገዋል፤ ልጅም ደገፍ ይላል፥ ከዚያ ጣቱን ወደ አፉ ያገባል። ባልደረቦቹ ብዙ ተከራከሩት። የክዊንስላንድ መንግሥት ልጅ በሚደርስበት ቦታ የእርሳስ ቀለም እንዳይቀባ ሕግ ያወጣው በ1922 ዓ.ም.፥ ማለት ከ18 ዓመት በኋላ ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ደግሞ ዓለም አቀፍ የሥራ ጉባኤ በጄኔቭ ተሰብስቦ ነጩ እርሳስ ለሕንፃ የውስጥ ቅብ እንዳያገለግል የሚከለክል ስምምነት አጽድቋል። የአሜሪካ መንግሥት ግን ለመኖሪያ ቤት የሚሆነውን የእርሳስ ቀለም እስከ 1978 ዓ.ም. ድረስ አልከለከለም።

በዚህ መካከል ከቲታንየም የሚሠራው ነጭ ወጣ፤ ከእርሳሱ ይልቅ አጥብቆ ስለሚሸፍን «ሌላው አይሸፍንም» የሚለው ምክንያት ፈረሰ። ሁለተኛውም የዓለም ጦርነት ካለፈ በኋላ በውሃ የሚበጠበጠው ቀለም ተስፋፋ። የማስማማቱን ነገር ደግሞ ለ ኮርቢዝየ የተባለው የሥነ ሕንፃ ሰው በ1931 ዓ.ም. ሳሉብራ ለተባለ የስዊስ የግድግዳ ወረቀት ኩባንያ 43 ቀለሞችን እንደ ፒያኖ ጣቶች ደርድሮ አዘጋጀለት። መራጩ ቀዳዳ ያለው ካርቶን በላያቸው እያንሸራተተ ሁለቱን ወይም ሦስቱን ብቻ ጎን ለጎን ያይ ነበር፤ ይህ የሸቭረል ትምህርት ለገበያ የወጣበት መንገድ ነው ማለት ይቻላል። ከዛሬው የመደብር ካርድ ይልቅ ያኛው የበለጠ ብልህነት ያለው ይመስለናል።

በነጩ ፈንታ ሌላ ነጭ ቢገኝም እርሳስ ከቀለም ጣሳ ፈጽሞ አልወጣም ነበር፤ ለደማቅ ብጫና ለብርቱካንማ፥ ለቶሎ መድረቅም ይጨመር ነበርና። በአገራችን የሚኒስትሮች ምክር ቤት በ2018 ዓ.ም. ባወጣው ደንብ በቀለም ውስጥ ያለው እርሳስ ከአንድ ሚሊዮን እጅ 90 እጅ እንዳይበልጥ ተወስኗል። እንግዲህ ቀለም የሚገዛ ሰው ሻጩን ስለ ቍጥሩና ስለ ዋጋው ብቻ ሳይሆን ስለዚህም ቢጠይቀው መብቱ ነው። ደንቡ ግን ከእርሱ አስቀድሞ የተቀባውን በርና መስኮት አይፍቀውም። አሮጌ ቤት የሚያሳድስ ሰው የቀድሞውን የዘይት ቀለም በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት አያስፈግፍግ፤ ውሃ እያርከፈከፉ ይፋቅ፤ ሕፃናትና ነፍሰ ጡር እናት ሥራው እስኪያልቅ በሌላ ቤት ይቈዩ፤ ወለሉም በመጥረጊያ ሳይሆን በእርጥብ ጨርቅ ተወልውሎ ጨርቁ ይጣል። ከዚያ በኋላ የተመረጠውን አዲስ ቀለም በአንድ ክንድ ሰሌዳ ላይ ቀብቶ፥ ከሶፋውና ከመጋረጃው አጠገብ አስደግፎ፥ አንድ ጊዜ በቀን ብርሃን አንድ ጊዜ በማታ መብራት ማየት ነው።