ለከብት የሚሰጥ ብድርና የዋስ ነገር



ገበሬ መሬቱ ሰፊ ቢሆንም በሬ ከሌለው ድኻ መሆኑን የማያውቅ የአገራችን ሰው የለም። ይህንንም ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የቈየው ክፉ ቀን ለአያቶቻችን በመራራ ሁኔታ አሳይቷቸዋል። ኢጣሊያኖች በምፅዋ ወደብ ካስገቧቸው ከብቶች ጋራ የመጣው የደስታ በሽታ የአገሩን ከብት በጥቂት ጊዜ ፈጀው፤ ድርቅና አንበጣም ተጨመረበት፤ መሬቱም ጦም አደረ። ዳግማዊ ዓፄ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው በመቈፈር ለመኳንንቱና ለሠራዊቱ ምሳሌ ሆኑ። በሬው ለሞተበት ገበሬ የበሬ መግዣ የሚያበድር የመንግሥት ባንክ ግን በዚያ ዘመን አልነበረም።

ባንክ ባይኖርም ገበሬው ብልኀት አላጣም። አንድ በሬ ያለው ከሌላው ባለ አንድ በሬ ጋራ በመቀናጆ ያርስ ነበር፤ ላም የሌለው የባለጠጋውን ላም እየጠበቀ ከወተቱና ከጥጃው ይካፈል ነበር፤ የባሰበትም በአራጣ ይበደራል፥ ወይም መሬቱን በወለድ አገድ ያስይዛል። አራጣው ጨካኝ ነበር፤ ቢሆንም አበዳሪው ተበዳሪውን ከነአባቱ ያውቀዋልና ብዙ ወረቀት አይጠይቅም።

መንግሥት ወደዚህ ሥራ የገባው ከነፃነት በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1945 የተቋቋመው የእርሻ ባንክ በጠላት ወረራ ጊዜ እርሻቸው የጠፋባቸው አነስተኛ ባለመሬቶች ዘርና ከብት እንዲገዙ ያበድር ዘንድ የታሰበ ነበር። ይኸው ባንክ በ1951 የኢትዮጵያ ልማት ባንክ ሆነ፤ የዓለም ባንክም አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ለልማት ባንኩ 2 ሚሊዮን ዶላር አበድሮ ነበር። ይሁን እንጂ ባንክ ያበደረውን የሚያስመልስበት መያዣ ይፈልጋል፤ ችግሩም የጀመረው ከዚህ ላይ ነው። በደቡብ ያለው ጭሰኛ የሚያስይዘው መሬት የለውም። በሰሜን ያለው ባለርስት ደግሞ መሬቱ የዘር ሐረግ ሁሉ ስለ ሆነ ብቻውን ለባንክ ሊያስይዘው አይችልም። ስለዚህ ለትንሹ ገበሬ የታሰበው ገንዘብ በአመዛኙ ወደ ትልልቁ ባለመሬት ሄደ።

በ1960 ዓ.ም. በስዊድን መንግሥት ርዳታ በአርሲ የተጀመረው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት ይህን ለማረም ተነሣ። ለአነስተኛ ገበሬዎች ዘርና ማዳበሪያ በዱቤ ከመስጠቱም በላይ የአገሩን ላም ከውጭ ኰርማ እያዳቀለ የተሻለ ወተት የሚሰጡ ጊደሮች አራባ። ሥራው የሚመሰገን ነው። ነገር ግን ጭሰኛው ዱቤ ለማግኘት ባለመሬቱ የፈረመበት የኪራይ ውል እንዲያመጣ ይጠየቅ ነበር። ባለመሬቱ ደግሞ ትራክተር አስገብቶ ራሱ ማረስ እንደሚያተርፈው ባየ ጊዜ መፈረሙ ቀርቶ ጭሰኛውን ከነቤተ ሰቡ አስለቀቀ። ከመሬት የተነቀለ ሰው የተዳቀለችን ጊደር በምን ሣር ያኖራታል?

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ የገጠሩን መሬት የሕዝብ ሲያደርግ ጭሰኝነት ቀረ፤ መሬትን ማስያዝም አብሮ ቀረ። በደርግ ዘመን የባንክ ብድር በብዛት የሄደው ወደ መንግሥት እርሻዎችና ወደ ኅብረት ሥራ ማኅበራት ነበር። ከ1980ዎቹ ዓመታት አጋማሽ ወዲህ ደግሞ እንደ አማራ ብድርና ቍጠባ ተቋምና እንደ ደደቢት ያሉት አበዳሪዎች በመሬት ፈንታ የጎረቤቶችን የቡድን ዋስትና ተቀበሉ። ለበሬ መግዣ፥ ለበግ ማድለቢያ የሚሆን ገንዘብ በመያዣ እጦት ከባንክ በር ለተመለሰው ሰው ደረሰ።

እዚህ ላይ በወር ደመወዝ የምንተዳደር ሰዎች በቀላሉ የማናየው ነገር አለ። የእነዚህ ብድሮች መክፈያ በብዛት አንድ ዓመት ያህል ነው። በግ አድልቦ በበዓል ገበያ ለሚሸጥ ይህ ይበቃዋል። የአገራችን ጊደር ግን እስክትወልድ አራት ዓመት ያህል ትፈጃለች፤ ከአንዱ ጥጃ እስከ ተከታዩም ብዙ ጊዜ ሁለት ዓመት ይሆናል፤ ወተቷም በቀን ከሁለት ሊትር እምብዛም አያልፍም። በዓመት እንዲከፍል የተገደደ ሰው ዕዳውን ለመክፈል የሚሸጠው ምንድን ነው? ያችኑ ጊደር ነዋ! መንጋው እንዲበዛ የተሰጠው ብድር መንጋውን ያሳንሰዋል። ላሚቱ ብትሞትም ዕዳው አይሞትም፤ የቡድን ዋስ የሆኑት ጎረቤቶች ከየቤታቸው አዋጥተው ይከፍላሉ። ወረቀቱን በየመሥሪያ ቤቱ የምናዘጋጅ ሁሉ የመክፈያውን ቀን ስንጽፍ የከብቱን ዕድሜ ብንጠይቅ ምንኛ መልካም ነበር!

በ2011 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቍጥር 1147 ተንቀሳቃሽ ንብረትን፥ ከብትንም ጭምር፥ ለብድር መያዣ ማድረግን ፈቅዷል። ስለዚህ ዛሬ ላሚቱ ራሷ ዋስ መሆን ትችላለች። ከከብት ሞት የሚመጣውን ጕዳት ማን ይሸከመዋል ለሚለው ጥያቄ ግን አንዱ ሙከራ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2012 በቦረና ነው፤ ይኸውም የግጦሹ መድረቅ በሳተላይት ሲታይ ለአርብቶ አደሩ ካሳ የሚከፍል መድን ነው።