ከዙላ እስከ መቅደላ

የመቅደላ ነገር ሲነሣ ወሬው ሁሉ አምባው ላይ ይቀራል፤ የዐፄ ቴዎድሮስ ሽጉጥ፣ የሴባስቶፖል መድፍ፣ የተዘረፉት ብራናዎች። የእንግሊዞች ዘመቻ ዕጣ ግን ቀድሞ የተቆረጠው በዙላ ጠረፍና ከዚያ ሽቅብ በሚወጣው መንገድ ላይ ነው ባይ ነኝ። የቦምቤይ ጦር ቀዳሚ ክፍል በጥቅምት 1860 ዓ.ም. ከመርከብ ሲወርድ የጠበቀው ውሃ የማይገኝበት በረሃ ነበር። የባሕሩን ውሃ በእንፋሎት እያጣሩ ጠጡ፤ ጭነት ማራገፊያ ሠሩ፤ እስከ ተራራው ግርጌ የሚያደርስ የባቡር ሐዲድ ዘረጉ። የጦሩ አዛዥ ጄኔራል ናፒየር 13,000 ያህል ወታደር፣ ከዚያ የሚበልጥ ጓዝ ተሸካሚና ከህንድ በመርከብ የመጡ 44 ዝሆኖች ነበሩት። በዚያው ወራት ዐፄ ቴዎድሮስ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ገደል እያስናዱ፣ ሴባስቶፖልን በሰው ጉልበት እያስጎተቱ ይጓዙ ነበር። ከአውሮፓ የእጅ ባለሙያ አጥብቀው የለመኑት ንጉሥ አንድም የባሕር በር አልነበራቸውም፤ ምጽዋ በግብጽ እጅ ነበረች።

ድሉ የስናይደር ጠመንጃ ነው የሚሉ አሉ። በስቅለት ዕለት በእሮጌ ሜዳ 700 ያህል ኢትዮጵያውያን ሲወድቁ ከእንግሊዝ ወገን የሞቱት ሁለት ብቻ መሆናቸው ለዚህ አባባል ጉልበት ይሰጠዋል። ሆኖም ጠመንጃ ብቻውን አገር አያስገባም። ከስምንት ዓመት በኋላ ግብጾች ዘመናዊ መሣሪያ ታጥቀው ከዚያው የቀይ ባሕር ጠረፍ ተነሥተው ነበር፤ በኅዳር 1868 ጉንደት ላይ፣ በየካቲት ደግሞ ጉራ ላይ ተደመሰሱ። ጠረፉ ያው፣ ተራራውም ያው ነበር። ልዩነቱ የደጋው ጌታ መንገድ መስጠቱና መከልከሉ ላይ ነው።

ሕዝቡና መኳንንቱ ቴዎድሮስን አስቀድመው ከድተዋልና መርከቡም ሐዲዱም ትርፍ ነገር ነው የሚለው ክርክር ከሁሉ ይከብዳል፤ ግማሹንም እቀበለዋለሁ። ንጉሡ በመጨረሻ ከመቅደላ አካባቢ ያለፈ ግዛት አልነበራቸውም። ነገር ግን የባላገሩን እህልና የጭነት ከብት የገዛው በዙላ የወረደው የማሪያ ቴሬዛ ብር ነው፤ ያ ስንቅ ባይደርስ ኖሮ ጦሩ በ600 ኪሎ ሜትር ጉዞ መሐል በረሃብ ይፈታ ነበር። ናፒየር ሐውዜን አጠገብ የትግሬውን ደጃዝማች ካሳን አግኝቶ ያግባባውም ይህን ስለሚያውቅ ነው። ሲመለስ ለካሳ መድፎችና 850 ያህል ጠመንጃ ትቶላቸው ሄደ። ካሳም በሐምሌ 1863 ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስን አሰም ላይ ድል ነሡ፤ በስድስተኛው ወር አክሱም ላይ ዮሐንስ ተብለው ነገሡ፤ በጉንደትና በጉራም ግብጽን የመለሱት እሳቸው ናቸው።