ስንጥቁን የሚያሳብቅ ጥቁር ሙጫ

የተነባበረ ናሙና፤ የመስታወት ክር፣ ኢፖክሲ ሙጫ፣ የካርቦን ናኖቱዩብ

ይህን ሰሌዳ ያጠቆረው ከሙጫው ክብደት 1 በመቶ እንኳ የማይሞላ ካርቦን ነው። ያለ እሱ መስታወቱም ሙጫውም ኤሌክትሪክ አያሳልፉም።

ጃፓናዊው ሱሚዮ ኢጂማ እ.ኤ.አ. በ1991 በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ አይቶ ለዓለም ያስተዋወቃቸው የካርቦን ቱቦዎች (ናኖቱዩብ) ከመስታወቱ ክር ሺህ እጥፍ ገደማ ይቀጥናሉ። በክሮቹ መካከል ሰርገው ገብተው፣ እርስ በርስ ተቀራርበው ኤሌክትሪክ የሚሄድበትን መረብ ይዘረጋሉ። ቁም ነገሩ ያለው እዚህ መረብ ላይ ነው። ሰሌዳው ሲሳብ ቱቦዎቹ ይራራቃሉ፤ የኤሌክትሪክ መቋቋሙም ቀስ እያለ ይጨምራል። ንብርብሮቹ መላቀቅ ሲጀምሩ ግን መንገዱ ይበጠሳል፣ ልኬቱም በድንገት ይዘላል። በአሜሪካ የደላዌር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ኤሪክ ቶስተንሰንና ሱ-ዌይ ቾው ይህን እ.ኤ.አ. በ2006 አሳይተዋል።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ2012 ከአፍሪካ ቀድሞ የተረከበው ቦይንግ 787 ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ እንዲህ ካለ የተነባበረ ቁስ ቤተሰብ ነው። (ናኖቱዩብ ተገጥሞለታል ማለት ግን አይደለም።) የእንዲህ ያለው ቁስ ጉዳት ብዙ ጊዜ ከውስጥ ይጀምራል፤ ከውጭ ቀለሙ እንኳ ላይላጥ ይችላል።

በእስራኤል የቫይዝማን ተቋም እነ ዳንኤል ዋግነር ሌላ መንገድ ሞክረዋል፤ ሌዘር። ቱቦው ሲወጠር በትኖ የሚመልሰው ብርሃን (የራማን ብርሃን የሚባለው) ድግግሞሹን ይለውጣል፤ የሌዘሩን ብርሃን ንዝረት አቅጣጫ በመቀያየርም ውጥረቱ ወዴት እንደሚስብ ይነበባል።

የኤሌክትሪኩ ዘዴ አስቸጋሪ ጠባይ አለው፤ ሙቀትም መቋቋሙን ስለሚለውጥ፣ ለኪው የፀሐዩን ከስንጥቁ መለየት ይኖርበታል።