«ስንተኛ ወጣህ?»

እኛ ዘንድ ልጅ ከትምህርት ቤት ካርዱን ይዞ ሲመጣ የሚጠብቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ «ስንተኛ ወጣህ?» ከአምናው ተሻሻልክ ወይ ብሎ የሚጠይቅ ስንት ነው? ለብዙ ዓመታት ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር፣ ከጓደኛዬ አንሼ እታያለሁ በሚል ፍርሃት ብቻ ብዕር ሳያነሱ የቀሩ ተማሪዎች አይቻለሁ። እስቲ ዛሬ ለእንዲህ ዓይነቱ ጀማሪ የሚሆን ታሪክ ላጫውታችሁ፤ ከሰዓት ጋር የሚደረገውን የብስክሌት እሽቅድምድም።

አገሩ እንግሊዝ ነው። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ብስክሌተኞች በቡድን ሆነው ጎዳናውን ሲያጥለቀልቁት ፈረስ ይደነብራል፣ ፖሊስ ይቆጣል። የብስክሌተኞቹ ማኅበር «ጭራሽ ብስክሌት መንዳት እንዳይከለከልብን» ብሎ ሰጋና በ1890 እ.ኤ.አ. የጎዳና ውድድርን ራሱ አገደ። ቢድሌክ የሚባል ሰው በ1895 መላ ዘየደ። ተወዳዳሪዎቹን በአንድነት ከመልቀቅ ይልቅ ጊዜ እያራራቀ አንድ በአንድ ለቀቃቸው። ላያቸው ሰው መንገደኛ እንጂ ተሽቀዳዳሚ አይመስሉም! ለረጅም ዘመንም ውድድሩ የሚካሄደው በማለዳ፣ መንገዱ በምስጢር ቁጥር እየተጠራ፣ ጋላቢው ከአንገት እስከ ቁርጭምጭሚት ጥቁር ለብሶ ነበር።

ታዲያ ይህ የመደበቂያ ብልሃት ለጀማሪው በር ከፈተለት። ሻምፒዮኑም አዲስ ገቢውም በአንድ መንገድ፣ በየተራቸው ይነሳሉ። አንድ ሰው ብስክሌቱን ከኋላ ደግፎ ይይዝለታል፤ ሰዓት ያዡ «አምስት፣ አራት፣ ሦስት...» ብሎ ቆጥሮ ይለቀዋል። ከዚያ ወዲያ እሱና ሰዓቱ ብቻ ናቸው። በሌላው ጀርባ ከነፋስ መጠለል እንኳ ክልክል ነው። ጀማሪውን ብዙ ጊዜ የምታሸንፈው የመጀመሪያዋ ደቂቃ ናት፤ በሞቅታ ይፈተለክና ግማሽ መንገድ ሳይደርስ ትንፋሽ ያጥረዋል። ልምድ ያለው ግን ጉልበቱን እንደ ስንቅ አብቃቅቶ ይጨርሳል።

ቤሪል በርተንም ጀማሪ ነበረች። በልጅነቷ ለወራት ሆስፒታል ተኝታ የወጣች፣ ሐኪሞች ከከባድ እንቅስቃሴ ተቆጠቢ ያሏት የዮርክሻየር ሴት ናት። ብስክሌት ያስለመዳት ባሏ ቻርሊ ሲሆን፣ እሱ እንዳወሳው መጀመሪያ ላይ ሲደክማት ከኋላ ይገፏት ነበር። ይህችው ሴት በ1967 የ12 ሰዓት ውድድር ላይ ቀድመዋት የተነሱትን ወንዶች አንድ በአንድ እየደረሰች አለፈቻቸው። የመጨረሻው ማይክ ማክናማራ ነበር፤ እሱም የወንዶችን ክብረ ወሰን ለመስበር እየገሰገሰ ነው። አጠገቡ ስትደርስ ከረሜላ አውጥታ ሰጠችው። አመስግኖ ተቀበላት፤ እሷም ጥላው ሄደች። በዚያ ቀን እሱ የወንዶችን ክብረ ወሰን ሰበረ፤ እሷ ግን 277.25 ማይል፣ 446 ኪሎ ሜትር ያህል ነድታ በለጠችው። የሴቶቹ ክብረ ወሰን 50 ዓመት ቆይቶ በ2017 ነው የተሻሻለው።

እርግጥ በዚህም ውድድር አንደኛ የወጣ ይሸለማል። አርባኛ የወጣው ጀማሪ ግን ባዶ እጁን አይመለስም፤ የራሱን ሰዓት ይዞ ይገባል። በሚቀጥለው እሑድ የሚያባርረው እሷን ነው። ልጆቻችንንም ካርዳቸውን ሲያመጡ «ካለፈው ስንት ጨመርክ?» ብንላቸው ምን አለበት?