የቤቱ ቁልፍ በማን እጅ ነበር?



በኢስላም የአካል ጉዳተኞች ነገር ሲነሳ ሁላችንም ቶሎ የምናስታውሰው ዓብደላህ ኢብን ኡሙ መክቱምንና ሱረቱ ዓበሰን ነው። ተገቢ ነው። ነገር ግን ዓይነ ስውሩ ወይም ሽባው ከመስጊድ ሲመለስ በቤቱ እንዴት ይኖር ነበር? ውኃውን ማን ይቀዳለት፣ መንገዱን ማን ይመራው ነበር? ይህን ብዙ ጊዜ አንጠይቅም። እንግዳ በመጣ ቁጥር አካል ጉዳተኛ ልጃቸውን ወደ ጓዳ የሚያስገቡ ቤተሰቦች ዛሬም በመካከላችን አሉና እስቲ ወደ መዲና ቤቶች አብረን እንግባ።

ሱረቱ ኑር 61ኛው አንቀጽ ስለ ዓይነ ስውሩ፣ ስለ አንካሳውና ስለ በሽተኛው ያነሳና ከየትኞቹ ቤቶች መብላት እንደሚፈቀድ ይዘረዝራል። ሙፈሲሮች ስለ መውረጃው ምክንያት ከአንድ በላይ ዘገባ አስፍረዋል። በአንዱ ዘገባ የመዲና ሰዎች ከእነዚህ ወገኖች ጋር በአንድ ማዕድ መቀመጥን ይሸሹ ነበር። በሌላው ዘገባ ደግሞ ሙስሊሞች ለዘመቻ ሲወጡ የቤታቸውን ቁልፍ መዝመት ለማይችሉት አካል ጉዳተኞች ይሰጡ፣ ከቤታቸው እንዲበሉም ይፈቅዱላቸው ነበር። ባለ አደራዎቹ ግን ባለቤቶቹ የፈቀዱት ከልባቸው ላይሆን ይችላል ብለው መብላቱን ይፈሩ ነበር። አንባቢ ሆይ! የቁልፉን ነገር ልብ ይበሉ። እኛ ጓዳ የምናስገባውን ሰው እነርሱ ቤት ጠባቂ አድርገውታል።

ዒትባን ኢብን ማሊክ (ረ.ዐ) ከመዲና አንሷሮች አንዱ፣ በበድር የተዋጋና ወገኖቹን የሚያሰግድ ሰው ነበር። ዓይኑ ሲደክም፣ በዝናብ ወቅትም ጎርፉ ሸለቆውን ሞልቶ ከመስጊዳቸው ሲያግደው ነብዩን (ሰ.ዐ.ወ) ቤቱ መጥተው እንዲሰግዱለትና ያንን ቦታ መስገጃው እንዲያደርገው ለመናቸው። በማግስቱ ፀሐይ ከፍ ስትል ከአቡበክር (ረ.ዐ) ጋር መጡ። በር ላይ ፈቃድ ጠየቁ። ከገቡም በኋላ ሳይቀመጡ የት እንዲሰግዱለት እንደሚወድ ጠየቁት። እሱ ወደ አንድ ማዕዘን አመለከተ፤ እዚያ ቆመው ሁለት ረከዓ አሰገዱ። ከዚያም ከሥጋና ከዱቄት የተሠራ ኸዚራ የሚባል ምግብ ቀርቦላቸው ቆዩ። የአላህ መልዕክተኛ በአንድ ዓይነ ደካማ ሰው ቤት ውስጥ ቦታ ለመምረጥ የባለቤቱን ፈቃድ ጠየቁ! እኛ ግን ልንረዳ ስንሄድ አልጋውን ወደፈለግንበት እናዞራለን፤ ሰውየው እዚያው ተቀምጦ ሳለ ምን እንደሚበላ ሚስቱን እንጠይቃለን።

የኢብን ኡሙ መክቱም ጉዳይ ደግሞ የተለየ ነው። ቤቱ ሩቅ መሆኑን፣ የሚመራው ሰው ቢኖርም እንደማይስማማው ተናግሮ በቤቱ ለመስገድ ፈቃድ ጠየቀ። አዛኑን የሚሰማ ከሆነ ግን አልተፈቀደለትም። የሁለቱን መልሶች ልዩነት ፉቀሃዎች ተወያይተውበታልና ለእነርሱ ልተወው። እኔን የያዘኝ «አይስማማኝም» የሚለው አቤቱታ ነው። መሪ አለው፤ ግን አልተመቸውም። ይህ ሁሉ ዘመን ሲያልፍ አቤቱታው በአቡ ዳውድ ሐዲስ ውስጥ ተመዝግቦ ቆይቷል።

ኡመር (ረ.ዐ) በመዲና ዳርቻ ለምትኖር አንዲት ዓይነ ስውር አሮጊት በሌሊት ውኃ እየቀዳ ጉዳይዋን ይፈጽምላት እንደነበር ይዘገባል። ሲመጣ ግን ሥራው ተሠርቶ ያገኛል። ማን እንደሚቀድመው ለማወቅ ቢያደባ አቡበክር ሆኖ አገኘው፤ ያን ጊዜ አቡበክር ኸሊፋ ነበር (እ.ኤ.አ ከ632 እስከ 634)። ለሌሊቱ ምክንያት አልተሰጠም። በእኔ ግምት ጎረቤት እንዳያይ ነው።

ከዚያ በኋላ መንግሥት ሰፋ። ጦበሪ እንደዘገበው በደማስቆ የነገሠው አልወሊድ ኢብን ዓብዱልመሊክ (እ.ኤ.አ ከ705 እስከ 715) የሥጋ ደዌ ሕሙማን እንዳይለምኑ የሚበቃቸውን ሰጠ፤ ለእያንዳንዱ ሽባ አገልጋይ፣ ለእያንዳንዱ ዓይነ ስውርም መሪ መደበ። ታላቅ ሥራ ነው። ግን የግምጃ ቤት ገንዘብ መሪ ይቀጥራል እንጂ የሚስማማ መሆኑን አያረጋግጥም። የዚያን ሰው ጠባይ፣ ሐፍረቱን፣ በማን እጅ መታጠብ እንደሚወድ የሚያውቀው ቤተሰቡ ነው።

ለዚህ ከዕብ ኢብን ማሊክን (ረ.ዐ) ተመልከቱ። በ9ኛው ዓመተ ሒጅራ ከተቡክ ዘመቻ ከቀሩት ሦስት ሰዎች አንዱ ነበር፤ አላህ ተውባቸውን እስኪቀበል ድረስ 50 ቀን ሰው አኮረፋቸው። በስተርጅና ዓይኑ ጠፋ። ከልጆቹ መካከል ይመራው የነበረው ዓብደላህ ነው። ቡኻሪ የተውባውን ረጅም ታሪክ ሲያስተላልፉ ዘገባው በዚሁ ልጅ በኩል መምጣቱን ይነግሩናል፤ ስሙንም ሲጠሩ አባቱ በታወረ ጊዜ መሪው እንደነበር ይጨምራሉ።