ዘንዶ ገዳዮቹ

አርመንና ኢትዮጵያ ቢራራቁም ትውውቃቸው የቆየ ነው። አቡነ ኤዎስጣቴዎስ በሰንበት ክርክር ምክንያት ከአገራቸው ተሰደው በ1352 (እ.ኤ.አ.) ያረፉት በአርመን ምድር ነው። በ1924 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ ከእልቂት የተረፉ 40 አርመናውያን ወላጅ አልባ ልጆች፣ በራስ ተፈሪ ጥሪ ከኢየሩሳሌም መጥተው በአዲስ አበባ የሙዚቃ ባንድ ሆኑ። ስደተኛው በሁለቱም አቅጣጫ ተጉዟል።

ሁለቱም ሕዝቦች ዘንዶ የገደለ ጀግና አላቸው። የአርመኑ ቫሃግን ይባላል፤ በባሕር ውስጥ ከሚነድ ሸምበቆ የተወለደ አምላክ ነው። በክረምት ከባርሻም ገለባ ሰርቆ ሲሸሽ መንገድ ላይ አንጠባጠበው ስለሚባል፣ እኛ ፍኖተ ሐሊብ የምንለውን የሰማይ ጎዳና አርመኖች የገለባ ሌባ መንገድ ይሉታል። የእኛው ደግሞ አንጋቦ ነው። ሕዝቡ ለአርዌ ፍየልና ልጃገረድ ይገብር ነበር። አንጋቦ መርዝ ያለበት ፍየል አብልቶ ገደለውና ነገሠ፤ ማክዳም ልጁ ናት ይባላል። በአንዳንዱ አተራረክ አንጋቦ የአገሩ ሰው ሳይሆን ከሌላ ቦታ የመጣ መጻተኛ ነው።

ከዚያ ክርስትና መጣ። በአርመን በ301 (እ.ኤ.አ.) ገደማ እንደሆነ ይተረካል፤ በአሽቲሻት የነበረው የቫሃግን ቤተ ጣዖትም ፈረሰ። በአክሱም ንጉሥ ኢዛና በመጀመሪያ ጽሑፎቹ ራሱን የማይሸነፈው የመሐረም ልጅ ይል ነበር፤ ኋላ ግን የሰማይን ጌታ አመሰገነ፤ በገንዘቡም ላይ ጨረቃው ቀርቶ መስቀል ተቀረጸ።

እንግዲህ እናስተውል። መሐረም የንጉሥ ድንጋይ ነበረው፤ ዛሬ ግን ስሙን የሚያውቀው የታሪክ ተማሪ ብቻ ነው። አርዌ የሚታወቀው በአብዛኛው በአያቶች አፍ ነው፤ ሆኖም በየመንደሩ ይተረታል። የቫሃግንም ልደት ለትውልድ የደረሰው፣ ሞቭሴስ ኮሬናጺ የተባለው ጸሐፊ ከዘማሪዎች አፍ ሰምቶ ስለጻፈው ነው። ያቆየው ተራኪና ጸሐፊ ሲተባበሩ ነው።

በዚህ ካምፕ ሐውልትም ቤተ መጻሕፍትም የለንም። ሞያሌ የተወለዱት ልጆቻችን የአያቶቻቸውን አገር አላዩም። ስለዚህ እያንዳንዳችን ከቤታችን የሰማነውን አንድ ተረት፣ የተነገረበትን ቀበሌ ስም ጨምረን እንጻፍ። መጻፍ የማይችል ሽማግሌ ካለ አንድ ተማሪ አጠገቡ ይቀመጥና ይጻፍለት። ለዚህ የሚበቃ ወረቀትና እርሳስ አናጣም።