የውድድር ብስክሌት በየካና በእንጦጦ፦ የአየር፣ የክብደትና የአያያዝ ሚዛን

የጎዳና ውድድር ብስክሌት በአስፋልት ላይ ለፍጥነት ተብሎ የሚሠራ የብስክሌት ዓይነት ነው። ጎማው ቀጭን፣ መሪው ወደ ታች የተቆለመመ፣ ኮርቻው ከመሪው ከፍ ያለ ነው። መልካም የሚባል የውድድር ብስክሌት ሦስት ነገሮችን ማሟላት ይጠበቅበታል፤ አየርን በቀላሉ ሰንጥቆ ማለፍ፣ በክብደቱ ቀላል መሆን፣ እንዲሁም በጥምዝና በቁልቁለት ለነጂው መታዘዝ። ይሁን እንጂ ሦስቱ እርስ በርሳቸው ይሻማሉ። አየርን እንዲሰነጥቅ ሰፋ ተደርጎ የተሠራ ቴላዮ ክብደት ይጨምራል። እጅግ የቀለለው ደግሞ ጥንካሬው ሊጓደል ይችላል። ጥልቀት ያለው ቸርኬ በሜዳ ፍጥነት ቢሰጥም በጎን ነፋስ ይገፋል። ስለዚህ የብስክሌት ሠሪዎች የዘመናት ጥረት ሦስቱን የማስታረቅ ጥረት ነው ማለት ይቻላል።

ይህ ሚዛን በሁሉም ሥፍራ አንድ ዓይነት አይደለም፤ የሚወሰነው በመንገዱና በከፍታው ነው። በአዲስ አበባ ሰሜን ምሥራቅ የሚገኘው የየካ ክፍለ ከተማና ከበላዩ ያሉት የእንጦጦ ተራሮች ለዚህ ጥሩ ማሳያ ናቸው። የአዲስ አበባ አማካይ ከፍታ ከባሕር ጠለል በላይ 2 ሺህ 400 ሜትር ገደማ ሲሆን፣ የእንጦጦ ጫፍ ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ነው። ከመገናኛ ተነሥቶ በኮተቤና በካራ በኩል የወጣ ብስክሌተኛ ወደ ለገጣፎ፣ ሰንዳፋና ደብረ ብርሃን የሚወስደውን ገላጣ አውራ ጎዳና ያገኛል። በፈረንሳይ ለጋሲዮን በኩል ወደ ተራራው ያቀና ደግሞ ከዳገት ጋር ይጋጠማል። አንዱ መንገድ የአየርን፣ ሌላው የክብደትን፣ ከተራራው መመለሱም የአያያዝን ነገር ይፈትናል።

የአየር ተቃውሞ

ብስክሌተኛ በሜዳ ላይ ሲጋልብ ትልቁ ባላጋራው አየር ነው። የአየር ተቃውሞ ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር አራት እጥፍ ይሆናል፤ ተቃውሞውን ለማሸነፍ በየሴኮንዱ የሚጠየቀው ጉልበት ደግሞ ስምንት እጥፍ ይሆናል። በአዲስ አበባ ከፍታ፣ በሜዳ፣ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ሰው ከሚያወጣው ጉልበት ከአምስት እጅ አራቱን የሚያውለው አየርን ለመግፋት ነው። የቀረው በአብዛኛው ጎማውን ለማንከባለል ይውላል።

ከዚህ ተቃውሞ ከሦስት አራተኛ የማያንሰውን የሚፈጥረው ብስክሌቱ ሳይሆን የነጂው አካል ነው። ስለዚህ ክርንን አጥፎ ደረትን ዝቅ ማድረግ ምንም ወጪ የማይጠይቅ ትልቅ ትርፍ ነው። ከሌላ ብስክሌተኛ ኋላ ተጠግቶ መሄድም የአየርን ጫና በሲሶ ያህል ሊቀንስ ይችላል። የውድድር ቡድኖች ተሰልፈው የሚጋልቡትና ፊት መሪነቱን የሚፈራረቁት በዚሁ ምክንያት ነው።

የአየር ነገር ውድድርን ሊወስን እንደሚችል እ.ኤ.አ. በ1989 የተካሄደው የፈረንሳይ ዙር አሳይቷል። አሜሪካዊው ግሬግ ሌሞንድ የመጨረሻውን ቀን የጀመረው ከፈረንሳዊው ሎሬን ፊኞን በ50 ሴኮንድ ተበልጦ ነበር። የቀረው የ24.5 ኪሎ ሜትር የግል የሰዓት ውድድር ብቻ ነበር። ሌሞንድ ክንዶቹን አጥብቦ ወደ ፊት እንዲዘረጋ የሚያስችል የተለየ መሪ ተጠቀመ፤ ዙሩንም በ8 ሴኮንድ ብልጫ አሸነፈ።

ከፍታም በዚህ ላይ የራሱ ድርሻ አለው። በአዲስ አበባ ከፍታ አየሩ በባሕር ጠለል ካለው በሩብ ያህል የሳሳ ነው፤ በእንጦጦ ጫፍ ደግሞ ልዩነቱ ወደ ሲሶ ይጠጋል። የሳሳ አየር ተቃውሞው አነስተኛ ነው። ቤልጅጋዊው ኤዲ መርክስ እ.ኤ.አ. በ1972 በአንድ ሰዓት ውስጥ 49.431 ኪሎ ሜትር በመጋለብ ክብረ ወሰን ያስመዘገበው በሜክሲኮ ሲቲ ነው፤ ከተማዋም ከፍታዋ ለአዲስ አበባ የቀረበ ነው። ነገር ግን አየሩ ሲሳሳ ለሳንባ የሚደርሰው ኦክስጅንም ያንሳል። ከቆላ የመጣ ብስክሌተኛ በየካ ጎዳና በሜዳው እንኳን ቶሎ የሚያለከልከው ለዚህ ነው።

ክብደት

መንገዱ ወደ ተራራ ሲያቀና ሒሳቡ ይገለበጣል። ለስሌት ያህል ከነብስክሌቱ 75 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው በየ100 ሜትሩ 8 ሜትር ከፍ የሚል ዳገትን በሰዓት 12 ኪሎ ሜትር ይወጣል እንበል። ይህ ሰው 500 ሜትር ከፍታ ለመውጣት ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። ከሚያወጣው ጉልበት ከመቶ 90 በላይ የሚሆነው ክብደቱን ወደ ላይ ለማንሣት ይውላል። የአየር ድርሻ ከመቶ ሦስት ገደማ ብቻ ነው። እንዲህ ባለ ዳገት ላይ አየርን ለመሰንጠቅ የተሠራ ውድ ቴላዮ የሚሰጠው ጥቅም እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

ታዲያ አንድ ኪሎ ግራም መቀነስ ምን ያህል ይጠቅማል? ከላይ በተገለጸው ዳገት ላይ የሚገኘው ትርፍ ከ20 እስከ 25 ሴኮንድ ነው። ለውድድር ሰው ይህ ብዙ ነው፤ ተራራ ላይ ተለያይተው የሚገቡ ተወዳዳሪዎችን ደረጃ ሊለውጥ ይችላል። ለጤናው ወይም ለሥራው ለሚጋልብ ሰው ግን አንድ ሊትር ውኃ ቀንሶ ከመያዝ ብዙም አይለይም። ከብስክሌቱ ላይ የመጨረሻዎቹን ጥቂት መቶ ግራሞች ለመቀነስ የሚከፈለው ገንዘብ ደግሞ ከሁሉ የከበደ ነው።

ዓለም አቀፉ የብስክሌት ኅብረትም ለክብደት ወሰን አበጅቶለታል። እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ በኅብረቱ ውድድሮች የሚቀርብ ብስክሌት ከ6.8 ኪሎ ግራም ማነስ የለበትም። ሠሪዎች ቅለትን ብቻ ሲያሳድዱ የነጂው ደኅንነት ለአደጋ እንዳይጋለጥ ታስቦ የወጣ ደንብ ነው። ዛሬ ከካርቦን ክር የሚሠሩ ብስክሌቶች ከዚህ ወሰን በታች መውረድ ስለሚችሉ፣ ሠሪዎች የተረፈውን ክብደት አየርን ለሚሰነጥቅ ቅርጽና ለተሻለ ፍሬን ማዋል ጀምረዋል። ቀድሞ አንድ ኩባንያ ለዳገት ቀላል፣ ለሜዳ ደግሞ አየርን የሚሰነጥቅ እያለ ሁለት ዓይነት ብስክሌት ያቀርብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 ስፔሻላይዝድ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ቬንጅ የተሰኘውን የሜዳ ብስክሌቱን ትቶ፣ ታርማክ በተሰኘው ሁለቱን ጠባይ አንድ ማድረጉ የዚሁ አካሄድ ምሳሌ ነው።

አያያዝና ፍሬን

የወጣ ሁሉ ይወርዳል። በእንጦጦ ሕይወትን የሚመለከተው የሚዛኑ ክፍልም ይኸው ነው። የሳሳው አየር ሲወጡ ትንፋሽ ያሳጥራል፤ ሲወርዱ ደግሞ የሚገታ ኃይሉ ደካማ ይሆናል። ከላይ የጠቀስነው ብስክሌተኛ ያንኑ ዳገት ያለ ፍሬንና ያለ ፔዳል ቢወርድ፣ በባሕር ጠለል ላይ ፍጥነቱ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይገታል። በእንጦጦ ከፍታ ግን 70 ኪሎ ሜትርን ያልፋል። የሚያቆመው መሬት ርዝመት ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር አራት እጥፍ ስለሚሆን፣ ይህ ልዩነት በጥምዝ ላይ ቀላል አይደለም።

500 ሜትር ከፍታ ሲወረድ የሚለቀቀው ኃይል አንድ ሊትር ቀዝቃዛ ውኃ ለማፍላት የሚበቃ ነው። በዝግታ ለሚወርድ ሰው አብዛኛው ሙቀት ፍሬን ላይ ያርፋል። የፍሬኑ ላስቲክ ቸርኬውን በሚይዝበት በቀድሞው አሠራር ቸርኬው ይግላል፤ ቸርኬው ከካርቦን የተሠራ ከሆነ ሙቀቱ ማጣበቂያውን ሊያለሰልስ፣ ከመነዳሪውንም ሊያፈነዳ ይችላል። ዲስክ ፍሬን ሙቀቱን ከቸርኬው አርቆ በብረት ዲስኩ ላይ ያደርገዋል፤ በዝናብም በተሻለ ይይዛል። በክብደቱ ትንሽ ቢጨምርም ኅብረቱ እ.ኤ.አ. በ2018 በጎዳና ውድድር እንዲገባ ከፈቀደ ወዲህ ታላላቆቹ ቡድኖች ወደ እርሱ ዞረዋል።

አያያዝ በፍሬን ብቻ አይወሰንም። የመሪው ዘንግ ዘንበል ያለበት መጠንና በሁለቱ ጎማዎች መካከል ያለው ርቀት ብስክሌቱ ፈጥኖ የሚዞር ወይም ቀጥ ብሎ የሚሄድ መሆኑን ይወስናሉ። የውድድር ብስክሌት ፈጥኖ እንዲዞር ተደርጎ ስለሚሠራ ለሠለጠነ እጅ ታዛዥ፣ ለጀማሪ ግን ቅብጥብጥ ነው። ጥልቅ ቸርኬም በዚህ ረገድ ጥንቃቄ ይሻል። በባሕር ዛፍ ተከልሎ የቆየ መንገድ በድንገት ወደ ገላጣው ሲወጣ የጎን ነፋስ የፊት ጎማውን ሊያንገዋልል ይችላል።

የጎማ ነገርም ባለፉት ዓመታት ተለውጧል። ቀድሞ 23 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለውና እስኪደርቅ የተነፋ ጎማ ፈጣን እንደሆነ ይታመን ነበር። ዛሬ 28 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነ፣ ለስለስ ተደርጎ የተነፋ ጎማ ተመራጭ ሆኗል። ምክንያቱም ሸካራ አስፋልት ላይ የደረቀ ጎማ ስለሚነጥር ጉልበት ያባክናል፤ ለስለስ ያለው ግን ጉድለቱን ውጦ መንገዱን ይይዛል። የተሰነጣጠቀ አስፋልት፣ ጠጠርና እርጥብ የባሕር ዛፍ ቅጠል ባለበት ተራራ ይህ ለውጥ ለፍጥነትም ለደኅንነትም ይጠቅማል።

ኢትዮጵያውያን በጎዳና ውድድር

የብስክሌት ውድድር ለኢትዮጵያ አዲስ አይደለም። አገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ በተሳተፈችበት፣ በ1949 ዓ.ም. በተካሄደው የሜልቦርን ኦሊምፒክ ከሯጮች ጋር ብስክሌተኞችም ተሰልፈዋል፤ ገረመው ደንቦባም ከእነርሱ አንዱ ነበሩ። በ2008 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ የመቐለው ልጅ ጽጋቡ ግርማይ በፈረንሳይ ዙር የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። የጋለበበት የላምፕሬ ሜሪዳ ቡድን ብስክሌቶችን ያገኝ የነበረው ከታይዋኑ ሜሪዳ ኩባንያ ነው። ኩባንያው ለዳገት ስኩልቱራ፣ አየርን ለመሰንጠቅ ደግሞ ሬያክቶ የተባሉ ሁለት ዓይነቶችን ይሠራል።

በመስከረም 2018 ዓ.ም. የዓለም የጎዳና ብስክሌት ሻምፒዮና ለመጀመሪያ ጊዜ በአፍሪካ፣ በሩዋንዳዋ ኪጋሊ ተካሂዷል። በዳገትና በቁልቁለት የተሞላው የኪጋሊ መንገድ የአፍሪካ ደጋ ከተሞች ለዚህ ስፖርት የተመቹ መሆናቸውን ለዓለም አሳይቷል። በአዲስ አበባም በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ የብስክሌት መስመሮች አሉት፤ በቅርብ ዓመታት በኮሪደር ልማት በተሠሩ ጎዳናዎችም ለብስክሌት የተለየ መንገድ ተዘጋጅቷል።

ለገዢና ለነጂ

ከላይ ከተዘረዘረው የሚከተለው ቅደም ተከተል ይወጣል። በየካና በእንጦጦ አካባቢ ለሚጋልብ ሰው የመጀመሪያው ጉዳይ ፍሬንና ጎማ ነው። ሁለተኛው ብስክሌቱ ለቁመቱ ልክ መሆኑ ነው፤ ልኩ ያልሆነ ብስክሌት ጀርባና ጉልበት ይጎዳል፣ በቁልቁለትም አይታዘዝም። ክብደት በሦስተኛ ደረጃ ይመጣል። አየርን የሚሰነጥቅ ቅርጽ የሚጠቅመው በሰንዳፋ አቅጣጫ ባለው ገላጣ መንገድ በፍጥነት ለሚወዳደር ሰው ነው።

ያገለገለ ብስክሌት የሚገዛ ሰው ቴላዮው ከምን እንደተሠራ ይጠይቅ። የብረት ቴላዮ ቢሰነጠቅ በብየዳ ሊጠገን ይችላል። የአሉሚኒየም ብየዳ የተለየ ሙያ ይጠይቃል። የካርቦን ቴላዮ ግን በብየዳ አይጠገንም፤ ስንጥቁም ከቀለሙ ሥር ሊደበቅና በቁልቁለት ላይ በድንገት ሊሰበር ይችላል። ስለዚህ መጋጠሚያዎቹን በብርሃን መመርመር፣ ቸርኬው ሳይወላገድ መዞሩን ማየት፣ ፍሬኑንም አጥብቆ ይዞ ብስክሌቱን ወደ ፊት በመግፋት መፈተሽ ይገባል።

ይህ ሒሳብ ለተወዳዳሪ ብቻ የሚሠራ አይደለም። በብስክሌቱ ኋላ 50 ኪሎ ግራም እህል ጭኖ ወደ ገበያ የሚወርድ ገበሬ የጠቅላላ ክብደቱን በሁለት ሦስተኛ ይጨምራል፤ ፍሬኑ የሚሸከመውም ሙቀት በዚያው ልክ ይጨምራል። የጭነት ብስክሌት ከውድድር ብስክሌት ይልቅ ጠንካራ ፍሬንና ያልሳሳ ጎማ ያስፈልገዋል።

የእንጦጦ መንገድ የማገዶ ተሸካሚዎች፣ የጭነት አህዮችና ማለዳ የሚሮጡ አትሌቶች መንገድም ነው። ቁልቁለት ከመጀመሩ በፊት ፍሬንን መሞከር፣ ከጥምዝ በፊት እንጂ ጥምዝ ውስጥ ገብቶ ፍሬን አለመያዝ፣ ሁለቱንም ፍሬኖች እየያዙ እየለቀቁ መውረድ፣ ሰውና ከብት በታየ ጊዜም አስቀድሞ መቀዝቀዝ የነጂው ግዴታ ነው። እግረኛውና እረኛውም ብስክሌት ድምፅ ሳያሰማ እንደሚደርስ ማወቅ ይገባቸዋል።